መቀጠል፣ መድፈን፣ ማድረስ፣ ማዋሐድ፦ በገቢ ንድፎች ላይ የተበጠሱ መስመሮችን ለመጠገን ስለሚያገለግሉ ሙያዊ ቃላት

መግቢያ

አዲስ ሙያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ቀድሞ ይደርሳል፤ የሙያው ቋንቋ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በኮምፒዩተር አማካይነት የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ ባለሙያዎቻችን የሚገኙበት ሁኔታ ይኸንኑ ይመስላል። ሥራው በየከተማው በየዕለቱ ይሠራል፤ ስለ ሥራው የሚደረገው ንግግር ግን «ዌልድ አድርገው»፣ «ጆይን አድርገው»፣ «ክሎዝ አድርገው» እየተባለ፣ ዋናው ቃል የእንግሊዝኛ፣ ማሰሪያው ብቻ የአማርኛ ሆኖ ይካሄዳል። የውጭ ቃል መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። አማርኛ ከግዕዝ ወርሶ፣ ከዐረብኛ፣ ከጣልያንኛና ከሌሎችም ተውሶ የበለጸገ ቋንቋ ነው። ችግሩ ብቅ የሚለው ባለሙያው ሐሳቡን በአማርኛ ለመግለጽ በፈለገ ጊዜ፣ ለተለያዩ ሥራዎች የሚያገኘው ቃል አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ያ ቃል «ማገናኘት» ነው።

በአንድ የሥልጠና ክፍል ተገኝተን የተመለከትነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። አሠልጣኙ የአንድ ክብ ቤት የወለል ፕላን ለሠልጣኞቹ ካደሉ በኋላ «የተለያዩትን መስመሮች አገናኙ» ብለው አዘዙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራው ሲታይ አንዱ ሠልጣኝ የመስመሮቹን ጫፎች እየሳበ አንድ ላይ አምጥቷቸዋል። ሁለተኛዋ በጫፎቹ መካከል አዳዲስ አጫጭር መስመሮችን ጨምራለች። ሦስተኛው አጭሩን መስመር ሌላውን እስኪነካ ድረስ አስረዝሞታል። አራተኛዋ ደግሞ መስመሮቹን ካሉበት ሳታንቀሳቅስ ሁሉንም በአንድነት አስተሳስራቸዋለች። ከእነዚህ መካከል ክፍተት ሁሉ ስሕተት መስሏት የደፈነችው የቤቱን መግቢያም አብራ ስለ ደፈነች፣ ግድግዳው በተነሣ ጊዜ ቤቱ በር አልባ ሆኖ ቆመ። ሁሉም ታዘዋል፤ ሁሉም የተለያየ ሥራ ሠርተዋል። ጥፋቱ የትእዛዙ ቃል እንጂ የሠልጣኞቹ አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ማገናኘት» በሚለው ሰፊ ቃል ውስጥ ተሸፍነው የቀሩትን አራት ሥራዎች ለይተን፣ ለእያንዳንዱ ተስማሚ የሆነ ስያሜ ለማቅረብ እንሞክራለን። ከዚያም ጋር ለሥራው የሚያስፈልጉትን ተጓዳኝ ቃላት እንመረምራለን።

ምሳሌያችንን ከአታት አካባቢ ወስደናል። አታት ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉራጌ ዞን ውስጥ የምትገኝ፣ በሆስፒታሏ የምትታወቅ የእንሰት አገር ናት። ዞኑ በ2015 ዓ.ም ከተቋቋመው ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሚመደብ ነው። ይህን ስፍራ የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የአካባቢው ባህላዊ ቤት ክብ በመሆኑና ክብ ቅርጽ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ሲሻገር ከሌላው ቅርጽ ሁሉ ይልቅ ስለሚቆራረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ከእንሰት በሚገኘው ቃጫ ገመድ ገምዶ፣ በገመዱም ቤት አስሮ የኖረ ሕዝብ፣ አጭሩን አስረዝሞ የተለያየውን ማያያዝ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቅ ነው።

መስመሮች ለምን ይበጠሳሉ

በአንድ ሶፍትዌር የተሠራ ንድፍ በሌላ ሶፍትዌር ሲከፈት «ገቢ ንድፍ» እንለዋለን። የወለል ፕላን በአውቶካድ ይሠራና፣ ቤቱን ባለ 3 አውታር አድርጎ ለማቆም ወደ ስኬችአፕ ይገባል። አውቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ.፣ ስኬችአፕ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡ ናቸው። ንድፉን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያጓጕዘው ብዙውን ጊዜ ዲኤክስኤፍ ወይም ዲደብልዩጂ የሚባለው ፋይል ነው። በዚህ ጕዞ መስመሮቹ የሚበጠሱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) መነሻው ንድፍ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ነዳፊው ሁለቱን መስመሮች በዐይኑ ገምቶ ሲያቀራርባቸው የተነካኩ ይመስላሉ፤ ንድፉ በጣም ጎልቶ በታየ ጊዜ ግን በመካከላቸው ክፍተት ይገኛል።

ለ) ንድፉ በወረቀት ላይ የነበረና በማሽን ተነሥቶ ወደ መስመር የተለወጠ ከሆነ፣ ወረቀቱ በታጠፈበትና ቀለሙ በደበዘዘበት ቦታ ሁሉ መስመሩ ይበጠሳል።

ሐ) ክብና ቅስት ወደ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይለወጣሉ። ስኬችአፕ እውነተኛ ክብ የለውም፤ ክብን የሚወክለው ጎነ ብዙ በሆነ ቅርጽ ነው። በራሱ በሶፍትዌሩ የሚሠራ ክብ፣ ተጠቃሚው ካልለወጠው በቀር፣ 24 ጎን ይኖረዋል። ከውጭ የሚገባ ቅስት ደግሞ ቁራጮቹ እርስ በርሳቸው ሳይተሳሰሩ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ መስመር ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

መ) የመለኪያ አሐድ ሊዛባ ይችላል። በሚሊሜትር የተሠራ ንድፍ በሜትር ተቈጥሮ ሲገባ፣ 0.02 ሚሊሜትር የነበረው ኢምንት ክፍተት 20 ሚሊሜትር ሆኖ ይገለጣል።

ሠ) ሆነ ተብሎ የተቆራረጠ መስመር አለ። በንድፍ ሕግ ከዕይታ የተሰወረ ጠርዝ በሰረዝ በሰረዝ ይመለከታል። ይህ መስመር ሲገባ እያንዳንዱ ሰረዝ ራሱን የቻለ ቁራጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ከተበጠሰ መስመር ጋር በቀላሉ ይምታታል።

ጉዳቱ የሚታየው ቤቱን ለማቆም በሚሞከርበት ጊዜ ነው። ስኬችአፕ ገጽ የሚፈጥረው መስመሮቹ ዙሪያቸውን ገጥመው ሲዘጉና ሁሉም በአንድ ጠለል ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው። ገጽ ካልተፈጠረ ግድግዳ አይነሣም። ሶፍትዌሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ0.001 ኢንች፣ ማለትም ከ0.025 ሚሊሜትር ገደማ የሚያንስ ነጥቦችን እንደ አንድ ነጥብ ይቈጥራል፤ ከዚያ የበለጠውን ግን ይለያል። ስለሆነም በሰው ዐይን የማይታይ የ0.1 ሚሊሜትር ክፍተት አንድን ቤት እንዳይቆም ሊያግደው ይችላል።

ስለ «ተበጠሰ»፣ ስለ «ተሰበረ»ና ስለ «ተቆራረጠ»

የጥገናውን ስም ከመስጠታችን በፊት የብልሽቱን ስም ማጥራት ይገባል። አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ዱላ ይሰበራል፤ ክርና ገመድ ይበጠሳል፤ ሥጋና ጨርቅ ይቈረጣል። «ተሰበረ» የሚለው ግሥ ለመስመር ሲነገር ጎብጦ ወይም ዞሮ አቅጣጫውን የለወጠ መስመር ሊያስመስል ይችላል፤ ክፍተትን በግልጥ አያሳይም። «ተቆራረጠ» ደግሞ ብዙ ቦታ በእኩል የተከፋፈለ ነገርን ያሳስባል። መስመር ግን በባሕርዩ ከዱላ ይልቅ ክርን ይመስላል። አናጢው ሲለካ፣ ግንበኛው ሲያስተካክል መስመር የሚያወጡት በተወጠረ ክር እንደሆነ ልብ ይሏል። ስለዚህ፦

በስሕተት ክፍተት የገባበትን «ብጥስ መስመር»፣ ሳይበጠስ በብዙ ተነካኪ ቁራጮች የተከፈለውን «ቁርጥራጭ መስመር»፣ ሆነ ተብሎ በሰረዝ የተመለከተውን «ሰረዝ መስመር» ብንል ሦስቱ ነገሮች ይለያሉ። ልዩነቱም በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። ብጥስ መስመር መጠገን አለበት፤ ቁርጥራጭ መስመር መተሳሰር አለበት፤ ሰረዝ መስመር ግን እንዳለ መተው አለበት።

አንድ ቃል፣ አራት ሥራ

ሀ) ማዋሐድ። ሁለት ጫፎች እጅግ ተቀራርበው ሳይነካኩ ሲቀሩ፣ አንዱን ወደ ሌላው ወይም ሁለቱንም ወደ መካከላቸው ስቦ አንድ ነጥብ ማድረግ ማዋሐድ ይባላል። በዚህ ሥራ አዲስ መስመር አይፈጠርም፤ ነገር ግን ጫፉ ስለሚንቀሳቀስ የመስመሩ ርዝመትና አቅጣጫ በጥቂቱ ይለወጣል። ሁለቱ ወደ መካከል ከተሳቡ እያንዳንዱ ጫፍ የሚጓዘው የክፍተቱን እኩሌታ ነው። ስለዚህ ማዋሐድ ለኢምንት ክፍተት እንጂ ለሰፊ ክፍተት አይመከርም።

ለ) ማድረስ። አንድ መስመር ሊነካው ከሚገባው ሌላ መስመር ሳይደርስ ሲቀር፣ አቅጣጫውን ሳይለውጡ ማስረዘም ማድረስ ይባላል። ከማዋሐድ የሚለየው መስመሩ ባለማጋደሉ ነው። ቀጥ ብሎ የነበረ ግድግዳ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። የሚደረስበትም መስመር «መድረሻ» ሊባል ይችላል።

ሐ) መድፈን። ሁለቱ ጫፎች ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ በመካከላቸው አዲስ ቁራጭ መስመር መጨመር መድፈን ይባላል። የጭቃ ግድግዳ ሲቀደድ ቀዳዳው በሌላ ጭቃ ይደፈናል፤ ነባሩ ግድግዳ ሳይነካ አዲስ ነገር ይጨመራል። ሐሳቡ አንድ ነው።

መ) መቀጠል። እርስ በርሳቸው የተነካኩትን፣ ነገር ግን ለየብቻ የቆሙትን ቁራጮች በአንድነት አስተሳስሮ እንደ አንድ መስመር እንዲቈጠሩ ማድረግ መቀጠል ይባላል። በስኬችአፕ አንዱ ቁራጭ ሲመረጥ ሁሉም ይመረጣሉ፤ የጠቅላላው ርዝመት በአንድ ቍጥር ይነበባል። የነጥቦቹ ቦታ ግን ቅንጣት አይለወጥም።

እንግዲህ ልዩነቱን ባጭሩ እንናገር ብንል፣ ማዋሐድ ያንቀሳቅሳል፤ ማድረስ ያስረዝማል፤ መድፈን ይጨምራል፤ መቀጠል ግን ምንም ሳይነካ ያስተሳስራል። እነዚህን አራቱን «ማገናኘት» ብሎ መጥራት ሐኪም ቀዶ ጥገናንም፣ መርፌንም፣ ክኒንንም፣ ዕረፍትንም «ሕክምና» ብሎ እንደማዘዝ ነው። ቃሉ ስሕተት አይደለም፤ ለትእዛዝ ግን አይበቃም። «ማገናኘት» የወል ስም ሆኖ ይኑር፤ በትእዛዝና በማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ ግን ከአራቱ አንዱ ይግባ።

ስለ «መበየድ»

አራተኛው ሥራ በስኬችአፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ የሚታወቀው ብረትን በእሳት ከማያያዝ ሥራ በተወሰደ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቀድሞ በተሰኪ ብቻ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሶፍትዌሩ ውስጥ ራሱ ተካቷል። ቃሉን በቀጥታ የተረጎሙ ሰዎች «መበየድ» ይላሉ። ይህን ስያሜ ያልተቀበልንበትን ምክንያት ማስረዳት ይገባናል።

ብየዳ ብረቱን ያቀልጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከውጭ ሌላ ብረት ይጨምራል፤ ከተበየደ በኋላ ካልቈረጡት በቀር አይለያይም። እኛ የምንናገርለት ሥራ ግን አያቀልጥም፣ አይጨምርም፤ ተጠቃሚው በፈለገ ጊዜም ይፈታል። ከዚህ ሌላ «መበየድ» የሚለውን ቃል የሰማ ሠልጣኝ ክፍተትም አብሮ የሚሞላ ይመስለዋል። ነገር ግን በተራራቁ ጫፎች መካከል ይህ ትእዛዝ ምንም አይሠራም። ቁራጮቹ አስቀድመው መነካካት አለባቸው።

ገመድ የሚገምድ ሰው የያዘው የቃጫ ዘለላ ከማለቁ በፊት ሌላ ዘለላ ይጨምርበትና አብሮ ይገምደዋል፤ ገመዱን ቀጠለው ይባላል። ሸማኔም ድሩ ሲበጠስበት ክሩን ይቀጥላል። ቤት ሠሪውም ክቡን ግድግዳ በማገር ሲያስር አንዱ ማገር ዙሪያውን ስለማይበቃ ሌላ ይቀጥልበታል። በእነዚህ ሁሉ ቁራጮቹ ቁራጭ መሆናቸው ሳይቀር አንድ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ የፈለጉትም ቀን ይፈታሉ። ስለሆነም «መቀጠል» ከሐሳቡ ጋር በሚገባ ይስማማል። ተቃራኒውም «መፍታት» ሆኖ በቀላሉ ይገኛል። ከግሡም ቀጣይ፣ መቀጠያ፣ ቅጥል የሚሉት ይወጣሉ። የሥራውን ውጤት «ቅጥል መስመር» እንለዋለን። ይህ ቃል በሰዋስው ከሚታወቀው «ቅጽል» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ በጽሕፈት ጊዜ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ስለ ተጓዳኝ ቃላት

ተሰኪ። ዋናው ሶፍትዌር የማይሠራውን ሥራ እንዲሠራ ከውጭ የሚታከል አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በስኬችአፕ እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ሩቢ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋሉ። በኮምፒዩተር ገጾች ላይ «ተሰኪ»ም «ቅጥያ»ም ሲባል እንሰማለን። ሁለቱም ጥሩ ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ «ቅጥያ» በሰዋስው የታወቀ ሥራ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ከ«መቀጠል» ሥር ስለ ወጣ፣ በእኛ ጉዳይ «ቅጥያው ቅጥሉን ቀጠለው» የሚል አስቸጋሪ ዐረፍተ ነገር ያመጣል። ስለዚህ በዚህ መስክ «ተሰኪ» የሚለው ይመረጣል።

ገቢ ንድፍ። «መጤ ንድፍ» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። «መጤ» የሚለው ቃል ግን ለሰው ሲነገር የሚያቈስል ስለሆነ፣ ለግዑዝ ነገርም ቢሆን አዲስ አገልግሎት ልንሰጠው አልወደድንም። «ገቢ» በንግድ የተለመደ ነው፤ «ወጪ ንድፍ» የሚል ጥንድም አለው።

የርቀት ወሰን። ተሰኪው ስንት ሚሊሜትር ድረስ ያለውን ክፍተት እንዲጠግን የሚወስነው ቍጥር ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትለው «መቻቻል» የሚሉ አሉ። መቻቻል ግን የሰዎች ጠባይ ነው፤ መስመሮች አይቻቻሉም። በመሐንዲሶች ዘንድ የተፈለገው ሐሳብ ወሰን ስለሆነ ወሰን መባል ይበቃዋል።

ክፍት ጫፍ። ሌላ መስመር ያልነካው የመስመር ጫፍ ነው። አንዳንድ ተሰኪዎች ምንም ሳይጠግኑ በየክፍት ጫፉ ላይ ምልክት ብቻ ያደርጋሉ፤ ፍርዱን ለሰው ይተዋሉ። ለክፍተቱ ግን ሁለት ስም ያስፈልገናል። በስሕተት የተፈጠረው «ክፍተት» ይባል፤ ሆነ ተብሎ የተተወው «መተላለፊያ» ይባል።

የዚህ ልዩነት ጥቅም በጉራጌ መንደር ንድፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጀፎረ የሚባለው ሰፊና ሣር የለበሰ የመንደር ጎዳና በግራና በቀኝ የቤቶችን አጥር ይዞ ይዘልቃል። በንድፉ ላይ የአጥሩ መስመር በየቤቱ መግቢያ ይቋረጣል። ይህን የማያውቅ ተሰኪ፣ የርቀት ወሰኑ ሰፍቶ ከተሰጠው፣ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ደፍኖ መንደርተኛውን ከጀፎረው ይለየዋል። ለማሽን ሁለቱም ባዶ ቦታ ናቸው፤ ለሰው ግን አንዱ ስሕተት፣ ሌላው መግቢያ ነው።

የአንድ ክብ ቤት ምሳሌ

የቃላቱ አገልግሎት ግልጥ እንዲሆን ስፋቱ ዳር እስከ ዳር 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት እንውሰድ። መካከሉ በምሰሶ የተደገፈ፣ የግድግዳው ውፍረት 15 ሴንቲሜትር፣ የበሩ ስፋት 90 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ንድፉ ሲገባ የውጩ ክብ በ24 ቁራጮች ተከፍሎ ቢመጣ የእያንዳንዱ ቁራጭ ርዝመት 78.3 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ጥገናው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄዳል።

1ኛ) መመርመር። የመለኪያ አሐዱ ትክክል መግባቱ በአንድ የታወቀ ልክ፣ ለምሳሌ በበሩ ስፋት ይረጋገጣል። ከዚያም ክፍት ጫፎች በምልክት ይለያሉ።

2ኛ) መደልደል። አንዳንድ ጊዜ ከላይ ሲታዩ የተነካኩ የሚመስሉ ጫፎች በከፍታ ይለያያሉ። ቤት ሠሪ አስቀድሞ መሬቱን እንደሚደለድል፣ ነዳፊም መስመሮቹን ሁሉ ወደ አንድ ጠለል ማውረድ አለበት። ይህ ሳይደረግ ሌላው ሥራ ከንቱ ድካም ነው።

3ኛ) ማዋሐድ። የርቀት ወሰኑ የሚመረጠው በምርመራው ከተገኘው ትልቁ ስሕተት በልጦ፣ ሆነ ተብሎ ከተተወው ትንሹ ርቀት እጅግ አንሶ ነው። በምርመራው የተገኘው ትልቁ ክፍተት 4 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 5 ሚሊሜትር ይበቃል። 20 ሴንቲሜትር ቢሰጠው ግን በሩ ዘንድ በ15 ሴንቲሜትር የሚራራቁት የውስጥና የውጭ ግድግዳ ጫፎች ይዋሐዳሉ፤ ግድግዳውም በበሩ ዳር እንደ ጦር ይሾላል።

4ኛ) ማድረስና መድፈን። ከማዋሐድ የተረፉት ክፍት ጫፎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ቀጥታ መስመር ከሆነ ይደረሳል፤ ከቅስቱ አንድ ቁራጭ ጠፍቶ ከሆነ ይደፈናል። መድፈን ከማዋሐድ በፊት ቢደረግ በየጥጉ ከሚሊሜትር ያነሱ «ፍርፋሪ መስመሮች» ይከማቻሉ፤ እነርሱም በኋላ ለመለየት ያስቸግራሉ።

5ኛ) መዝጋት። የግድግዳው የውስጥና የውጭ ቅስቶች በበሩ ግራና ቀኝ በ15 ሴንቲሜትር መስመሮች ሲገናኙ ዙሪያው ይዘጋል፤ ገጽም ይፈጠራል። ልብ ይባል፤ የሚዘጋው የግድግዳው ዙሪያ ነው እንጂ የበሩ መተላለፊያ አይደለም።

6ኛ) መቀጠል። በመጨረሻ የውጩ ቅስት ቁራጮች ለብቻ፣ የውስጡም ለብቻ ይቀጠላሉ። ከተቀጠሉ በኋላ ግድግዳው ሲነሣ በቁራጮቹ መካከል ያሉት የመጋጠሚያ ጠርዞች ለስልሰው ግድግዳው ክብ መስሎ ይታያል። የበሩ ዳር መስመሮች ግን አብረው መቀጠል የለባቸውም፤ ቢቀጠሉ የበሩ ጥግ እንደ ቅስቱ ሁሉ ይለሰልስና ከዕይታ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። መቀጠል ቁርጥራጩን ወደ እውነተኛ ክብ አይመልሰውም። የእኛ ክብ ቤት እውነተኛ ዙሪያ፣ በሩን ሳይቀንሱ፣ 18.85 ሜትር ሲሆን፣ የ24ቱ ቁራጮች ድምር 18.80 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱም ከ28.27 ካሬ ሜትር ወደ 27.95 ካሬ ሜትር ዝቅ ይላል። በየቁራጩ መካከል መስመሩ ከእውነተኛው ክብ 2.6 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ክቡ በ96 ቁራጮች ቢከፈል ግን ይህ ልዩነት ወደ 1.6 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስለዚህ የባህላዊ ቤቶችን ልክ ለመዝገብ የሚያነሣ ባለሙያ የቁራጮቹን ብዛት ከንድፉ ጋር አብሮ መጻፍ ይገባዋል። አለዚያ ነገ ቤቱ ሲፈርስና መዝገቡ ብቻ ሲቀር፣ የሶፍትዌሩ ጎነ ብዙ የሠሪው ክብ ተደርጎ ይወሰዳል።

የቀረቡት ቃላት ዝርዝር

ማዋሐድ (ግ.) ተቀራራቢ ጫፎችን ስቦ አንድ ነጥብ ማድረግ።
ማድረስ (ግ.) አቅጣጫውን ሳይለውጡ መስመርን እስከ መድረሻው ማስረዘም።
መድፈን (ግ.) በሁለት ጫፎች መካከል ባለ ክፍተት አዲስ ቁራጭ መስመር መጨመር።
መቀጠል (ግ.) ተነካኪ ቁራጮችን ቦታቸውን ሳይለውጡ እንደ አንድ መስመር ማስተሳሰር።
መፍታት (ግ.) ቅጥል መስመርን ወደ ቁራጮቹ መመለስ።
መደልደል (ግ.) በከፍታ የተለያዩ መስመሮችን በአንድ ጠለል ማሳረፍ።
መዝጋት (ግ.) ገጽ እንዲፈጠር የመስመሮችን ዙሪያ ማጋጠም።
ቁራጭ መስመር (ስ.) በሁለት ጫፎች የተወሰነ ቀጥታ መስመር።
ብጥስ መስመር (ስ.) በስሕተት ክፍተት የገባበት መስመር።
ቁርጥራጭ መስመር (ስ.) ባልተሳሰሩ ተነካኪ ቁራጮች የተከፈለ መስመር።
ሰረዝ መስመር (ስ.) ሆነ ተብሎ በሰረዝ የተመለከተ መስመር።
ቅጥል መስመር (ስ.) በመቀጠል የተገኘ መስመር።
ፍርፋሪ መስመር (ስ.) በጥገና ጊዜ የሚፈጠር ኢምንትና የማይፈለግ ቁራጭ።
ክፍት ጫፍ (ስ.) ሌላ መስመር ያልነካው ጫፍ።
ክፍተት (ስ.) በስሕተት የተፈጠረ ባዶ ቦታ።
መተላለፊያ (ስ.) ሆነ ተብሎ የተተወ ባዶ ቦታ።
የርቀት ወሰን (ስ.) የሚጠገነው ክፍተት የመጨረሻ ስፋት።
ገቢ ንድፍ (ስ.) ከሌላ ሶፍትዌር የገባ ንድፍ።
ተሰኪ (ስ.) በዋና ሶፍትዌር ላይ የሚታከል አነስተኛ ፕሮግራም።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረቡትን ቃላት ስንመርጥ የተከተልነው መንገድ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ቃሉን በአገር ባለሙያ አፍ ውስጥ ፈለግነው። ቀጥሎ አንድ ቃል አንድ ሐሳብ ብቻ እንዲይዝ አደረግን። በመጨረሻም ከግሡ ስም፣ ከሥራው ተቃራኒው መውጣቱን ተመለከትን። የውጭውን ቃል ፊደል በፊደል ከመተርጐም ይልቅ ሥራውን ተመልክቶ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን የአገር ሰው ምን ትላለህ ብሎ መጠየቅ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ተገንዝበናል።

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም ሲታተም በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የጠቀስነው የቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ገና አልወጣም ነበር። የሙያ ቃላት ሥራ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚዘጋ አለመሆኑን ይህ ብቻ ይመሰክራል። በተለይ በአታትና በአካባቢው የሚገኙ የቸሃ ተናጋሪዎች፣ እንዲሁም በሌላው የጉራጌ ምድር ያሉ ቤት ሠሪዎችና ገመድ ገማጆች ስለ ማሰር፣ ስለ መቀጠልና ስለ መግጠም የሚጠቀሙባቸው ቃላት ተሰብስበው ቢቀርቡ፣ እኛ በአማርኛ ያላገኘነውን ልዩነት ይሰጡን ይሆናል። «ጀፎረ» የሚለው ቃል ትርጉም ሳያስፈልገው ወደዚህ ጽሑፍ እንደ ገባ ሁሉ፣ ሌሎቹም በዚያው በር ይገባሉ።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች ሐሳብ ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም። አንባብያን፣ በተለይም በሙያው ላይ ያሉና የሚያስተምሩ፣ በሥራ ላይ ፈትነዋቸው የሚሻለውን ቢያመለክቱን በደስታ እንቀበላለን። እስከዚያው ግን በማስተማሪያ ክፍል «አገናኙ» ብሎ ለማዘዝ የሚነሣ መምህር አንድ ጊዜ ቆም ብሎ «ላንቀሳቅስ ነው? ላስረዝም ነው? ልጨምር ነው? ወይስ ላስተሳስር?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ይህ ጽሑፍ ዋናውን ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ቤቶቻችንም በራቸው ሳይደፈን ይቆማሉ።